ኩባንያው እያደገ ነው፤ እኔ ግን እያለቅኩ ነው

ጥያቄ፦ «የ29 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በሞባይል ስልክ የክፍያ አገልግሎት በሚሰጥ ኩባንያ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ ሆኜ እሠራለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ስቀጠር 14 ነበርን፤ አሁን 160 ደርሰናል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት፣ ቅዳሜ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት እሠራለሁ። ቤት ከገባሁ በኋላም በቴሌግራም መልእክት ይመጣል፤ ወዲያው ካልመለስኩ በማግስቱ ስብሰባ ላይ በሰው ፊት እጠየቃለሁ። የፋሲካ ሌሊት ከቅዳሴ ተመልሰን እናቴ ዶሮውን ስታወጣ ተደወለልኝ። ላፕቶፔን ይዤ መኝታ ቤት ገባሁ፣ እስኪነጋ ሠራሁ። ስወጣ ወጡ ቀዝቅዟል፣ ሁሉም ተኝቷል። አሁን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ልቤ እየመታ እነቃለሁ። ክፍሉን እመራለሁ ተባለ እንጂ ለአንድ ደንበኛ በስህተት የተቆረጠበትን 500 ብር ለመመለስ እንኳ ዋናውን ሥራ አስኪያጅ ማስፈቀድ አለብኝ። ደመወዜ ጥሩ ነው፤ እናቴንና ዩኒቨርሲቲ የገባውን ወንድሜን የማስተዳድረውም እኔ ነኝ። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ‹ቤተሰብ ነን፣ ትንሽ እንታገስ፣ ያልፋል› ይላል። ልታገስ ወይስ ልውጣ? ሌሎቹ ሲችሉት እኔን ያቃተኝስ ደካማ ስለሆንኩ ይሆን?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ደካማ አይደለሽም። ሠራተኞችን በማማከር ሥራዬ ከአንድ መሥሪያ ቤት ብዙ ሰዎችን ለየብቻ አነጋግሬ አውቃለሁ። እያንዳንዱ በሩን ዘግቶ የሚነግረኝ አንድ ነገር ነው፦ «ሌሎቹ ችለውታል፣ እኔ ብቻ ነኝ ያቃተኝ።» ከእሱ በፊት የወጣችውም ይህንኑ ብላኛለች፤ ከእሱ በኋላ የሚገባውም ይህንኑ ይለኛል። ሁሉም ቢሮው ውስጥ ፊቱን አሳምሮ ስለሚቀመጥ፣ አንዱ የሌላውን ፊት አይቶ በራሱ ያፍራል። አንቺም ለእነሱ «ከቻሉት» አንዷ ሆነሽ ትታያቸዋለሽ።

ሰዓትሽን ደመርኩት። የምሳውን ቀንሼ እንኳ በሳምንት 61 ሰዓት ይመጣል፤ የሌሊቱ ስልክ ሳይቆጠር። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመጠቃት ዕድሉ በ35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድሉ ደግሞ በ17 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህን የምነግርሽ ላስፈራሽ ብዬ አይደለም። ሌሊት ልብሽ እየመታ መንቃትሽን እንደ ባሕርይ ጉድለት ቆጥረሽ እንዳታልፊው ነው። የልብ ትርታ መፍጠን ከጭንቀት ብቻ አይመጣም፤ የደም ማነስ ወይም የእንቅርት ሆርሞን መዛባትም ያመጣዋል። ሁለቱም በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃሉ። ስለዚህ ስለ ኩባንያው ምንም ከመወሰንሽ በፊት ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ የደም ግፊትሽን ተለኪ፣ ደምሽን ተመርመሪ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሥራውን ስለቅቅ ይሻለኛል እያለ የሰውነቱን ጉዳይ ከሥራው ጉዳይ በኋላ ያቆየዋል።

በእኛ ሙያ ከሥራ የሚመጣ ዝለት የምንለው ሁኔታ ሦስት ምልክቶች አሉት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ በሽታ ብሎ ሳይሆን በሥራ ቦታ መፍትሔ ካላገኘ የረጅም ጊዜ ውጥረት የሚመጣ ሁኔታ ብሎ ነው ያሰፈረው። አንደኛው ምልክት የጉልበት መሟጠጥ ነው፤ ይህን በደብዳቤሽ ውስጥ አይቼዋለሁ። ሦስተኛው ሥራን እንደ ቀድሞው ማከናወን አለመቻል ነው። ሁለተኛውን ግን አልጻፍሽልኝም፤ ሰዎች የማያስተውሉት እሱን ነው። ከሥራውና ከሚያገለግሉት ሰው በልብ መራቅ ነው። ራስሽን ጠይቂ፦ ጉልት የምትቸረችር እናት ደውላ «ልጄ፣ የላክሁት 300 ብር የት ገባ?» ስትልሽ፣ ዛሬም ታሳዝንሻለች ወይስ ስልኩ ቶሎ እንዲዘጋ ብቻ ነው የምትፈልጊው? ከሦስት ዓመት በፊት ምን ይሰማሽ ነበር? መልሱ ከተለወጠ የተለወጠው ልብሽ አይደለም፤ ተሟጥጠሽ ነው።

አሁን ወደ ኩባንያው እንምጣ። አለቃሽ «ያልፋል» ሲል እየዋሸ አይመስለኝም። እሱ ራሱ ያምንበታል። ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶች የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት እንዲሰጡ ከፈቀደ፣ ቴሌብርም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በዚህ ዘርፍ ያለው ሽሚያ ቀላል አይደለም። ቀድሞ የደረሰ ደንበኛውን ይይዛል፤ የዘገየ ያጣዋል። ያ ፍርሃት ከእሱ ተነሥቶ በስልክሽ በኩል አልጋሽ ድረስ ይመጣል።

ነገር ግን በፍጥነት የሚያድግ ድርጅት ለምን እንደሚጨነቅ ብዙ ሰው የሚያስበው «ሥራ ስለበዛ» ነው፤ ይህ ግማሹ ብቻ ነው። 14 ሰው በነበራችሁ ጊዜ ሁለት ሁለት ሰው የሚነጋገርበትን መንገድ ብትቆጥሪ 91 ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ሆናችሁ፣ በቡና ሰዓት ተነጋግራችሁ ትጨርሱታላችሁ። 160 ስትሆኑ ግን መንገዱ 12,720 ይሆናል። ሰው በ11 እጥፍ ሲጨምር መገናኛው በ140 እጥፍ ጨመረ ማለት ነው። የመወሰን ሥልጣን ግን አልጨመረም፤ ዛሬም እንደ ድሮው በአንድ ሰው እጅ ነው። ያ ሁሉ መንገድ ወደ አንድ በር ይመጣና ይጨናነቃል። የሌሊቱ ቴሌግራም፣ በሰው ፊት መጠየቁ፣ የሁሉም ነገር «አስቸኳይ» መባሉ ከዚያ በር ላይ ካለው ግፊያ የሚመጣ ነው።

ከደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት ስለ 500 ብሩ የጻፍሽውን ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ሳይንስ ምሁር ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳየው ነገር እስከ ዛሬ ለሙያችን መሠረት ነው። ሰውን ክፉኛ የሚጎዳው የሥራ ብዛት ብቻውን ሳይሆን ብዙ እየተጠየቀ የመወሰን ሥልጣን ማጣቱ ነው። ከአንቺ የሚጠበቀው የክፍል ኃላፊ ሥራ ነው፤ የተሰጠሽ ሥልጣን ግን ትናንት የተቀጠረ ሠራተኛ ሥልጣን ነው። ደንበኛው በአንቺ ላይ ይጮኻል፤ ፈቃዱ በሌላ ሰው ኪስ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት የሚቀሰቅስሽ ይህ ይመስለኛል፤ ሰዓቱ ቢቀነስልሽ እንኳ ይህ እስካልተስተካከለ ድረስ እንቅልፍሽ ሙሉ በሙሉ የሚመለስ አይመስለኝም።

ስለ «ቤተሰብ ነን» ደግሞ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። ይህ ቃል በየትም አገር ይነገራል፤ እኛ ዘንድ ግን ክብደቱ ሌላ ነው። እኛ በቤተሰብ መካከል ሰዓት አንቆጥርም፣ ሒሳብ አንተሳሰብም፣ የታመመን ትተን አንሄድም። አለቃ ይህን ቃል ሲያነሣ ሳያውቀውም ቢሆን ይሉኝታሽን ነው የሚጠራው፤ «ምን ይሉኛል» የሚለው ስሜት ደግሞ ከማንኛውም የቅጥር ውል በላይ ያስራል። ለመሆኑ እድርን አስቢው። ከቤተሰብ ቀጥሎ እንደ እድር የሚቀርበን ማኅበር የለም፤ አልቅሶ ይቀብረናል። ሆኖም እድር መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ወርኃዊ መዋጮ አለው፣ ድንኳን የሚተክልበት ተራ አለው፣ በተራው የቀረ ይቀጣል። ማንም «ደንብ ካወጣችሁ ፍቅር የላችሁም» አይልም። ፍቅሩ የሚዘልቀው በደንቡ ነው። የናንተ ቤተሰብስ ሌሊት የሚነሣው በማን ተራ ነው? ስንት ጊዜ አንቺ ላይ ወደቀ?

ከዓመታት በፊት በጣም በፍጥነት በሚያድግ አንድ ድርጅት ውስጥ የሰው ሀብት ኃላፊ ነበርኩ። አንድ ዝምተኛ የሒሳብ ሠራተኛ ነበረን። አንድ ጧት ሰነድ ፈልጌ የጠረጴዛውን መሳቢያ ስስብ ውስጡ በሥርዓት የታጠፈ ጋቢ፣ የጥርስ ብሩሽና ግማሽ ዳቦ አየሁ። ወር በሚዘጋበት ሳምንት ቢሮ ያድር ነበር። እኔ ያን ጋቢ አይቼ ያደረግኩት ነገር በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስሙን ጠርቼ ማስጨብጨብ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ኮሪደር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ለአራት ዓመት በየቀኑ የሚጽፈው የኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል ጠፍቶበት ነበር፤ ጣቶቹን እያየ ያለቅስ ነበር። ከዚያ ወዲህ የትም መሥሪያ ቤት ስሄድ ማን እንደሚሸለም እጠይቃለሁ። ሰው የሚሸለመው ቢሮ በማደሩ ከሆነ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ምንም ቢል የዚያ ቤት ባህል እሱ ነው።

እድገትም ይህን በራሱ አያስተካክለውም። በስልክ ታክሲ የሚያስጠራው የአሜሪካ ኩባንያ ኡበር በዓለም ዙሪያ በመቶ በሚቆጠሩ ከተሞች ሲሠራ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 አንዲት የቀድሞ መሐንዲስ በሥራ ቦታ የደረሰባትን ጾታዊ ትንኮሳና የሰው ሀብት ክፍሉን ቸልተኝነት በአደባባይ ጻፈች። ምርመራ ተካሄደ፣ ከ20 በላይ ሠራተኞች ተባረሩ፣ በሰኔ ወር ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ከኃላፊነቱ ለቀቀ። «ስናድግ ይስተካከላል» የተባለው ነገር ከኩባንያው ጋር አብሮ ነበር ያደገው።

እንግዲህ ልታገስ ወይስ ልውጣ ለሚለው ጥያቄሽ መልስ ለማግኘት አንድ ነገር መለየት አለብሽ። ይህ ጭንቀት የእድገት ምጥ ነው ወይስ የቤቱ ልማድ? የእድገት ምጥ ከሆነ ቀን ይቆረጥለታል፤ «እስከዚህ ወር፣ እነዚህ ሰዎች እስኪቀጠሩ» ይባላል፣ ቀኑ ሲደርስም አንድ ነገር ይቀላል። ልማድ ከሆነ አንዱ አስቸኳይ ሲያልቅ ሌላው ይተካል። ወደ ኋላ ተመልሰሽ አስቢ፦ ባለፉት ሦስት ዓመታት «ያልፋል» ከተባሉት ነገሮች ያለፈው የትኛው ነው? ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው፤ በዓመት በዓመቱ ካላስተያየሽው አይታይሽም።

ያለፈ ነገር ከሌለ እንኳ ዛሬውኑ ልቀቂ አልልሽም። የምታስተዳድሪው ቤተሰብ አለ፤ አለቃሽም ክፉ አይደለም ብለሻል። ክፉ ካልሆነ አንድ ጊዜ በትክክል ሊነገረው ይገባል። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ተብለን አድገናል፤ ይሁን እንጂ እነዚያው አባቶች «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል። ለብቻው፣ በጧት፣ ቀጠሮ ይዘሽ ግቢ። ስብሰባ ላይ አታንሺው፤ በሰው ፊት የተነገረው አለቃ ራሱን ይከላከላል እንጂ አይሰማም። «ደክሞኛል» ብለሽም አትጀምሪ፤ ደክሞኛል ላለ ሰው የሚሰጠው መልስ «አይዞሽ» ነው፣ አይዞሽ ደግሞ ምንም አይለውጥም። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቂው። እስከ 5,000 ብር ያለን የደንበኛ ተመላሽ ክፍያ ክፍልሽ በራሱ እንዲወስን፣ በየቀኑም ለእሱ ዝርዝሩ እንዲቀርብለት። የሌሊትና የበዓል ጥሪ ተረኛ እንዲኖረው፣ ተራውም በወረቀት ወጥቶ ክፍያ እንዲኖረው፤ ተረኛ ያልሆነ ሰው ስልኩን ቢዘጋ እንዳይጠየቅ። ሦስተኛው ደግሞ ክፍልሽ ውስጥ የጎደለው ሰው የሚቀጠርበት ቀን ነው። ከዚያ እንዲህ በይው፦ «እዚህ ቤት መቆየት እፈልጋለሁ። በዚህ አካሄድ ግን አልዘልቅም፤ የምነግርዎትም ከመልቀቄ በፊት እንዲያውቁት ነው።» እንደወጣሽ የተስማማችሁበትን በአጭሩ ጽፈሽ ላኪለት።

ሁለት ወር ስጪው። በእነዚያ ሁለት ወራት የምትመዝኚው የተሰጠሽን ተስፋ አይደለም። ተረኛ ባልሆንሽበት ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ስልክሽን ዘግተሽ ስትተኚ በማግስቱ ምን እንደሚሆን ተመልከቺ። ዝም ከተባለ ወይም «መልካም እንቅልፍ ነበር?» ከተባልሽ ነገሩ እየተለወጠ ነው። ፊት ከጠቆረብሽ መልስሽን አግኝተሻል።

እስከዚያው ሕጉን እወቂው፤ አለቃሽን ለመክሰስ ሳይሆን የት እንደቆምሽ ለማወቅ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይወስነዋል። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። አንቺ ጋ የምሳውን ቀንሰን እንኳ 13 ሆኗል፤ ሌሊቱን ጨምረሽ ቁጠሪው። ክፍያውም በሕጉ ተወስኗል፦ ከጧቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ የሰዓቱ ደመወዝ በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጧቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በሁለት ተኩል ይባዛል። የወር ደመወዝሽ ለምሳሌ 31,200 ብር ቢሆን፣ በወር 208 ሰዓት ስናካፍለው ሰዓቱ 150 ብር ይመጣል፤ የፋሲካው እያንዳንዱ ሰዓት 375 ብር ነበር ማለት ነው።

ምናልባት «አንቺ ኃላፊ ስለሆንሽ ትርፍ ሰዓት አይመለከትሽም» ተብለሽ ይሆናል። እውነት ነው፣ አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም። ሆኖም የሥራ መሪ የሚባለው የአመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድና የማሰናበት ሥልጣን የተሰጠው ሰው ነው። በር ላይ የተለጠፈው ማዕረግ አይበቃም። 500 ብር መመለስ የማትችል ሰው የሥራ መሪ ናት ብሎ መከራከር የሚከብድ ይመስለኛል። የቅጥር ውልሽንና የሥራ ዝርዝርሽን ይዘሽ የሥራ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሪ። አንድ ነገር ግን ጊዜ አይሰጥም፤ ያልተከፈለ የትርፍ ሰዓት ክፍያ መጠየቅ የሚቻለው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ነው። ከዚያ ካለፈ በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በአንድ ደብተር ቀኑን፣ የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት፣ ማን እንዳዘዘሽ ጻፊ፤ መልእክቶቹንም አታጥፊ። ደብተሩ ለጠበቃ ባይሆን ለራስሽ ይጠቅምሻል። ከአለቃሽ ጋር ስትነጋገሪ «ብዙ እሠራለሁ» ከማለት «በሚያዝያ ወር 11 ሌሊት ተነሥቻለሁ» ማለት ይሻላል።

መውጣት ከሆነ መጨረሻው፣ ተናደሽ አትውጪ። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጪ፤ ሳትሰጪ ብትሄጂ እስከ 30 ቀን ደመወዝሽ የሚደርስ ካሣ ልትጠየቂ ትችያለሽ። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ ወደ ገንዘብ ይለወጥልሻል፤ ጠቅላላ ክፍያሽም ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈልሽ ይገባል። የሥራ ልምድ ማስረጃ ደግሞ መብትሽ ነው፣ ልመና አይደለም። ሰብዓዊ ክብርሽን የሚነካ ድርጊት ከተፈጸመብሽ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅም ትችያለሽ፤ ድርጊቱ ከተፈጸመ ከ15 የሥራ ቀናት በኋላ ግን በዚህ መብት መጠቀም አይቻልም።

ለመውጣት ከመወሰንሽ በፊት ከእናትሽ ጋር ተነጋገሪ። የቤቱን ወጪና የወንድምሽን የዩኒቨርሲቲ ነገር አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ ደምሩ። ብዙ የቤት ኃላፊነት የተሸከሙ ልጆች «እማዬ ትጨነቃለች» ብለው ሁሉንም ይደብቃሉ። እናትሽ ግን የፋሲካ ሌሊት በተዘጋው በር በኩል የላፕቶፕሽን ቁልፎች ድምፅ እየሰማች ነው የተኛችው። ምናልባት የሦስት ወር ወጪ እስክታጠራቅሚ ድረስ ምን እንደሚቀነስ ከአንቺ የተሻለ የምታውቀው እሷ ናት። ወንድምሽም ልጅ አይደለም፤ የሚያስተምረው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይችላል።

ደብተሩን ዛሬ ማታ ጀምሪ። ከአለቃሽ ጋር ቀጠሮ የምትይዢው ግን ከሐኪሙ ከተመለስሽ በኋላ ይሁን። የደም ግፊትሽ ስንት እንደሆነና የደም ምርመራው ምን እንዳሳየ ጻፊልኝ፤ የቀረውን ከዚያ ተነሥተን እንነጋገራለን።